ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ወዲያ

ሞላሌ ውስጥ ከገበያ የሚወርደውና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው መንገድ የሚገናኙት ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ነው። የወፍጮ ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ እስከ መንገዱ አፍ ስለሚደርስ፣ ባንዱ በኩል የሚመጣ ሹፌር የሌላውን መኪና የሚያየው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው። የኢሱዙው ሹፌር ጌጡና ባለ ፒክአፑ ተገኘ የተጋጩት እዚያው ነበር። ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ከአባቷ ከጌጡ አጠገብ የነበረችው ትንሿ እስከዳር እጇ ተሰበረ። እጇስ ዳነ፤ የሁለቱ ወዳጆች ነገር ግን እንደተበላሸ ቀረ። አንዱ “ክላክስ አላደረገም” ሲል ሌላው “ፍሬን አልያዘም” እያለ ሰላምታ እንኳ ተቋረጠ።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው እስከዳር በራሳቸው ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ባለ አንቴና ሣጥኖች ይዛ መጣች።

“አባዬ፣ መኪናህን ፈልጌ ነው።”

“መኪናውስ ያንቺው አይደል? ምን ልትጭኚበት ነው?”

“ሬዲዮ።”

ወደፊት መኪኖች በሬዲዮ ሞገድ እንደሚነጋገሩ አስረዳችው። አንዱ መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳይደርስ መምጣቱን ለሌላው ይነግራል። ከተማ ውስጥ ግን ሞገዱን ሕንፃ ይጋርደዋል። ምን ያህሉ እንደሚጠፋ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከግድግዳ ነጥሮ እንደሚደርስ ለክታ በቀመር ማስቀመጥ ነው ጥናቷ። የአዲስ አበባ ግርግር ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጸጥ ካለ ማዕዘን መጀመር ፈልጋለች።

ጌጡ ግማሹ አልገባውም። ስታስረዳ የምታወናጭፋቸውን እጆቿን እያየ ግን ደስ ብሎት አዳመጠ።

“ሁለተኛው መኪናስ?”

“ጋሼ ተገኘን ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል።”

ፊቱ ተለወጠ። “እኔን ሳትጠይቂ?”

“አንተን ብጠይቅህማ እምቢ ትለኝ ነበራ!”

ጌጡ ወጥቶ የመኪናውን ዘይት ይለካ ጀመር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ጌጡ ከገበያ በኩል፣ ተገኘ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ማዕዘኑ ይነዱ ጀመር። እስከዳር ጋቢና ውስጥ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

“አየህ፣ መስመሩ እዚህ ጋ ዝቅ ያለው ግድግዳው ጋርዶት ነው። ይቺ ትንሽ ከፍ ያለችው ከማዶው ቆርቆሮ ቤት ነጥሮ የመጣው ናት።”

“ያን ጊዜ ይኼ ቢኖር ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይነግረን ነበር?”

“ጥፋት አይለካም፣ አባዬ። ግን ሁለታችሁም ቀድማችሁ ትቆሙ ነበር።”

ትንሽ ቆይታ እስከዳር ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። “የጋሼ ተገኘ ሣጥን ያሉበትን ቦታ ይነግረኛል፤ አልተንቀሳቀሱም። አንድ ነገር ሆነዋል መሰለኝ።”

ከግድግዳው ወዲያ ምንም አይታይም። ጌጡ ግን እሷ ሳትጨርስ ወርዶ ነበር። እየሮጠ ማዕዘኑን ሲዞር ተገኘ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል።

“ምን ሆንክ?”

“ባትሪው ነው። ብርዱ ገደለው።”

“ግባና ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ እገፋልሃለሁ።”

“በዚህ ወገብህ?”

“አንተ ክላቹን በጊዜው ልቀቅ እንጂ ስለ ወገቤ አታስብ!”

ቁልቁለቱ አገዘውና ሞተሩ ተነሣ። ጭሱ ጌጡን አፍኖ አሳለው። ተገኘ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየሳቀ አየው፤ ከዚያ ሳቁን ተወ።

“ልጅቷን... ብርድ ሲሆን እጇን ያማታል?”

“ኧረ አያማትም። ደህና አድርጎ ገጥሟል።”

“ተመስገን። ስንቴ ልጠይቅህ አስቤ ተውኩት መሰለህ።”

ጌጡ የፒክአፑን በር በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ “በል ንዳ፣ ልጄን ሥራ አታስፈታ” አለው።

ረፋዱ ላይ እስከዳር ልኬቱን ጨረሰች። “በቃ፣ የሚበቃኝን አግኝቻለሁ። ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ተገኘ ጌጡን አየት አደረገው። “አንዴ ብንደግመው አይሻልም? ቅድም እኔ ትንሽ ፈጥኜ ነበር።”

“እውነቱን ነው፤” አለ ጌጡ ፈጠን ብሎ፣ “በጣም ፈጥኖ ነበር።”

አለመፍጠኑን እስከዳር ከልኬቱ በደንብ ታውቃለች። ላፕቶፗን ግን መልሳ ከፈተች።