የግራ ጉንጩ ጠባሳ

«ኤዲያ! ይሄ እሱ አይደለም» አሉ እትዬ ሐረገወይን፣ የመዳቡን ሰሌዳ ወደ ብርሃን እያዞሩ። «የወንድሜ ልጅ ጠባሳው በግራ ጉንጩ ነው። የዚህኛው በቀኙ ነው። የሳለው ሌላ ሰውን ነው።»

ወለላ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ባሏ አሸቱ በወባ ሞቶ ከተቀበረ ወዲህ አንገቷን እንደደፋች ነበር።

«እሱ ነው፣ እትዬ። መስተዋት ፊት ተቀምጦ ስለሳለው ተገልብጦ ነው። ወረቀት ላይ ሲታተም ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጠባሳው ቦታው ይገባል።»

ማን ሰማት! በማግስቱ ሰልስት ነው። በሰልስት ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይለቀሳል፤ የአሸቱ ግን አንድም ፎቶ የለም። ነገሌ ፎቶ አንሺ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፣ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ሞልተዋል። እሱ ነው እንቢ ያለው። «የራሴን ፊት ራሴ እሠራዋለሁ» እያለ ስንቱን መለሰ! ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ሰሌዳውንም ጨርሶ ሳያትመው ነው የተኛው።

ግን ምን ያለ እጅ ነበረው! አዲስ አበባ ተምሮ የሥዕል መምህር ሆኖ ሲመጣ፣ እኛ ጎረቤቶቹ የሚሠራውን ለማየት አጥር ላይ እንንጠለጠል ነበር። መዳቡን ሰም ይቀባል፤ ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል። አሲዱ የተጫረውን ብቻ እየበላ መስመሩን ወደ ውስጥ ይቆፍረዋል። ቀለም የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ሰሌዳውን ወረቀት ላይ የሚጫነውን መጭመቂያ መካኒኩ ራሺድ ከአሮጌ የጦር መኪና ብረት አበጀለት። ከብት ነጋዴው ሶራ ደግሞ ኤላ፣ ከብት የሚጠጣበት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ድረስ ይወስደው ነበር። ውኃ የሚቀዱትን ጎረምሶች ሲሠራቸው፣ እመኑኝ፣ ከወረቀቱ ላይ ላባቸው ይታይ ነበር።

ትርፍ ቀለሙን ከሰሌዳው ላይ የመጥረጉን ሥራ ግን ለወለላ ነበር የሚተወው። የእሱን መዳፍ በሙቀቱ ላብ ያረጥበዋል።

«ያንቺ እጅ ደረቅ ነው። ጠመኔ ነክተሽ ጥረጊ» ይላታል። «ካበዛሽው መስመሩ ይገረጣል፣ ካሳነስሽው ፊቱ ይጨልማል።»

ከዚያ አጠገቧ ቆሞ ያያታል። ባል ሚስቱን እንደዚያ ፈዞ ሲያይ እኛ ሰፈር ታይቶ አያውቅም።

«ላትመው» አለች ወለላ ድንገት።

«እንዴ! ሐዘንተኛ ተነሥታ ሥራ? ሰው ምን ይላል?» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

«ሰው የፈለገውን ይበል። ባሌ ያለ ፊቱ አይለቀስለትም።»

ራሺድ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። «ይተዉአት፣ እትዬ። መጭመቂያውን እኔ አዞራለሁ።»

የቀረው ደህና ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ከተበላሸ ሌላ የለም። ወለላ ወረቀቱን አረጠበችው። ቀለሙን መስመሮቹ ውስጥ አሸችው። በጨርቅ ጠረገች፤ ከዚያ መዳፏን ጠመኔ ነክታ ቀስ እያለች ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉንጩን ጠረገችው። ዓይኖቹ ጋ ስትደርስ እንደገና ጠመኔ ነክታ በጣቷ ጫፍ ብቻ ጠረገች። የት እንደሚቆም የሚነግራት ሰው አልነበረም። ራሷ አቆመች።

ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ አነጠፈችና ራሺድ እጀታውን አዞረ። ወለላ ወረቀቱን በጥጉ ይዛ ላጠችው።

እትዬ ሐረገወይን ጎንበስ ብለው አዩ። ግራ ጉንጩን አዩ።

«ወይኔ ልጄ! ወይኔ የኔ አሸቱ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ወለላን አቅፈው፣ «በስመ አብ፣ ምን ያለ እጅ ነው የሰጠሽ!» አሏት።

በማግስቱ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ እንደ ፎቶ ከፍ አድርጎ መያዝ አልተቻለም፤ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ አቆሙት። ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ። ወለላ ከወንበሩ ጎን ተቀምጣ አንድም እንባ አልወጣትም።

ረፋድ ላይ ሶራ ደረሰ። መርዶውን የሰማው ወደራ ገበያ ላይ ነው፤ አቧራውን እንኳ አላራገፈም። ገብቶ ከሥዕሉ ጋር ፊት ለፊት ተያየ።

«አካም፣ አሸቱ? ናጋ?» አለ በኦሮምኛ፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ሲለው። እጁም ሳያስበው ለሰላምታ ተዘረጋ።

ሰው ሁሉ ወደ እጁ ዞረ። ሶራ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው፤ ግን እጁን መመለስ አቃተው።

ወለላ ተነሣች። ቀለሙ ያልለቀቀውን እጇን ዘርግታ ጨበጠችው።

«ናጋ» አለች፣ በባሏ ፈንታ፣ እንባዋ እየወረደ።