ሎሚውን ማን ተከለው?

ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው አትክልተኛ፣ ዕድሜያቸውን በጨረሱበት ግቢ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጠው ገቡ። በረኛው ካርታ ዘረጋላቸው። አይ ጉድ! ከትልቁ ቤት እስከ ፈረሶቹ ጋጣ ያለውን መንገድ ጠጠሩን ሳይቀር የደለደለ ሰው በካርታ ሊመራ!

የመጡት ለአንድ ዛፍ ነው። ሚስታቸው ካረፈች ሦስት ወሯ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ከራዲዮኑ ጋር መጨቃጨቅ ጀምረዋል። እሷ በዚህ ግቢ ልብስ አጣቢ ሳለች ከወጥ ቤት የተጣለ የሎሚ ፍሬ አንስታ ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ተክላ ነበር። የተዋወቁትም የሳሙና ውሃ ስትደፋበት አይተው “ልታደርቂው ነው እንዴ?” ብለው የተቆጧት ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ ብቻ እያጠጣች አሳደገችው። ልጅ አልወለዱም። ከእሷ በምድር ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ይኸው ሎሚ ነው።

አስጎብኚዋ ወጣት ናት። ጎብኚዎቹን በአዳራሹ፣ ዘመን ባጠቆረው ቤተ መጻሕፍት፣ በጽጌረዳው መደብ አዙራ አዙራ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ አደረሰቻቸው። ዛፉ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል። ከሥሩ የነሐስ ሰሌዳ ቆሟል።

“ይህን ሎሚ የግቢው እመቤት በገዛ እጃቸው ነው የተከሉት” አለች።

የሽማግሌው ደም ፈላ። እመቤቲቱ? ያለ ጓንት አበባ እንኳ የማይነኩት ሴትዮ? ጎብኚዎቹ አለፍ እስኪሉ ጠብቀው ተጠጓት።

“ልጄ፣ ተሳስተሻል። የተከለችው ባለቤቴ ናት።”

ልጅቷ አልተቆጣችም። የያዘችውን ደብተር ገልጣ “አባባ፣ እኛ እኮ የጻፍነው የድሮው አትክልተኛ ለእንግዶች ሲናገሩ የተመዘገበውን ነው። ይኸው” ብላ አነበበችላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ቃሉ የራሳቸው ነው። ድሮ አንድ እንግዳ ዛፉን አድንቆ ማን እንደተከለው ቢጠይቃቸው፣ እመቤቲቱ አጠገባቸው ስለነበሩ ደስ ይበላቸው ብለው “እሳቸው ናቸው” አሉ። ሴትዮዋም አላስተባበሉም። ከዚያማ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያንኑ ደጋገሙት። ሚስታቸው ስትሰማ “ለእመቤቲቱ ሹመት ያዳብር በልልኝ” ብላ ሳቀች፤ ግን ያን ሳምንት ዛፏን አላጠጣችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

“ያ አትክልተኛ እኔ ነኝ” አሉ። “ዋሽቼ ነው።”

ልጅቷ ደብተሩን ዘጋችው። “እኔ አምንዎታለሁ፣ አባባ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አለቆቼ ምስክር ይላሉ። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ያምጡልኝ፣ ሰሌዳውን ራሴ አስቀይረዋለሁ።”

ሽማግሌው አሰቡ። ወጥ ቤቷ ሞታለች። ባልደራሱም ሞቷል። እመቤቲቱ ራሳቸውም የሉም።

“ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም” አሉ።

የልጅቷ ፊት በራ። “ታዲያ ምን ችግር አለ! ነገ እሳቸውን ይዘዋቸው ይምጡ።”

“እሺ፣ ልጄ” አሉ።