ስብሰባ ያለበት ሰርግ

የወንድሜ የሙባረክ ልጅ ለይላ ስትዳር፣ የጥሪ ካርዱን ወልድያ ድረስ ሄጄ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። አታሚው ረቂቁን አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ሰርግ ነው ስብሰባ?»

«ሁለቱም ነው። አንተ ብቻ አትም።»

ፊቱ ላይ ጽጌረዳና የሙሽሮቹ ስም አለ። ጀርባው ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፦ «በምሳው ሰዓት፣ በዚያው ዳስ፣ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ይካሄዳል። አጀንዳ፦ የውሃ ተራ ማሻሻያ።» ፊደሉን ያደቀቅኩት ቀለም ለመቆጠብ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርሳ ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌያችን አንድ ቦይ አለ። ላይ ቦይ ሃያ ሰዎች አሉ፤ ማንጎና ብርቱካን በአይሱዙ እየጫኑ ደሴ የሚልኩ። ታች ቦይ ስልሳ ነን። ከሳምንቱ አምስት ቀን ውሃው የነሱ ነው፤ ሁለቱን ቀን እኛ ስልሳው እንሻማለን። ታዲያ ለምን አትለውጡትም ትሉኝ ይሆናል። ከሰማንያው አባል አርባ አንዱ ካልተገኘ ምንም አይወሰንም፤ ደንብ ነው። ሊቀመንበሩ ወንድሜ ሙባረክ ደግሞ የላይ ቦዩን ባለጸጋ ሐጂ አብዱልሐሊምን ስለሚፈራ፣ ስብሰባ የሚጠራው እሳቸው ባሉት ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ሐጂ ማንጎ የሚያስለቅሙበት ቀን ነው። ለቃሚዎቹስ እነማን ናቸው? እኛው! የቀን ሥራውን ትቶ ስብሰባ የሚቀመጥ ድሃ የት አለ? እኔ ጸሐፊዋ መዝገቤን ታቅፌ እቀመጥና «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ብዬ ጽፌ እነሳለሁ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ዘንድሮ ግን ሽንኩርቴ ቅጠሉ ይጠወልግ ጀመር። ጎረቤቴ ዘሀራ አምና እንዲሁ ሲደርቅባት መሬቷን ለሐጂ አከራየች፤ አሁን በገዛ መሬቷ ላይ በቀን ሠራተኝነት ትኮተኩታለች። ቀጣይዋ እኔ ነኝ። ይህን ሳስብ ንዴቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ከንዴቱ መሃል ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። በሰርግ ቀን ማንም ማንጎ አይለቅምም!

ሙባረክ ሲሰማ ላብ አጠመቀው። «ናጅዋ፣ ልጄን ልድር ነው እኮ! ኧረ በአላህ!»

ለይላ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «አባ፣ እኔም የማገባው ታች ቦይ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው?» አለችው። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

እሑድ ዳሱ ጢም አለ። ድቤው ይደለቃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከተፍ አሉ፤ በኛ አገር ያለሳቸው ዱዓ ሰርግ አይደረግም። የጥሪ ካርዱ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል፤ በጽጌረዳው በኩል።

ትሪው ቀርቦ ሰው ሁሉ መብላት ሲጀምር፣ መዝገቤን ይዤ በሴቶቹም በወንዶቹም በኩል እየዞርኩ ቆጠርኩ። አርባ። ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ! ሌላው የታች ቦይ ሰው ግማሹ ዐረብ አገር፣ ግማሹ በሽተኛ አስታማሚ ሆኗል፤ ላይ ቦዮች ደግሞ የኛን ሰርግ አይደርሱም። አንድ ሰው አጥቼ ልቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ቀና ስል ግን ዓይኔ ሐጂ ላይ አረፈ፤ ትልቅ ቅልጥም ይዘዋል።

«አርባ አንድ!» ብዬ ጮኽኩ። ድቤው ቆመ።

«ምኑ ነው አርባ አንድ?» አሉ ሐጂ።

«አባል ነዎታ! ምልዓተ ጉባኤው በአንቱ ሞላ።»

«የምን ጉባኤ?»

«ካርዱን ይገልብጡት።»

ገለበጡት። ፊደሉ ስላልታያቸው የሙሽራው አባት ሲራጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ሳቁ ከዳሱ ጥግ ተነስቶ ሁሉንም አዳረሰ። ሐጂ ግን ሞኝ አይደሉም።

«እንግዲያው እኔ ከሄድኩ አርባ ናችኋ» ብለው ብድግ ሊሉ ሲሉ ሲራጅ ጀለቢያቸውን ያዘ።

«ሐጂ! ዱዓ ሳያደርጉ ከማዕድ ሊነሱ? በልጆቹ ትዳር ላይ?»

ሐጂ ደነገጡ። እንዲህ ያለውን ነገር እንኳን ሊያደርጉት ሊያስቡትም አይወዱም። «አስተግፊሩላህ! በሉ እንግዲያው አሁኑኑ ዱዓ ላድርግና ልሂድ።»

«ምነው ሐጂ፣ እኛ መች ጠገብን?» አለች ዘሀራ ከሴቶቹ በኩል።

ወላሂ፣ እንዲያ ቀስ ብሎ የሚበላ ሕዝብ በሕይወቴ አላየሁም። አንዷን ጉርሻ አሥር ጊዜ የሚያላምጥ፣ የተጋጠ አጥንት እያገላበጠ የሚመረምር፣ ውሃ በጠብታ የሚጠጣ! ሐጂ ዞር ዞር ብለው አዩንና ተመልሰው ቁጭ አሉ።

«ሦስት ቀን ለላይ ቦይ፣ አራት ቀን ለታች ቦይ። የሚደግፍ እጅ ያውጣ!» አልኩ።

አርባ እጅ ወጣ፤ ወጡ እስከ ክርን ይወርዳል። ሙባረክ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያወጣው፤ ቢሆንም አወጣ። «የሚቃወም?» ስል ሐጂ ብቻቸውን ቅልጥሙን አነሱ፣ ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ። መዝገቡን ለዘሀራ ወርውሬ እስክስታ ወረድኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያማ ጠገብን። ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። ሙሽሮቹን ውለዱ ክበዱ አሉ። አሚን። አገሩን ሰላም ያድርግልን አሉ። አሚን። ሦስተኛው ላይ ግን ቆም አሉ፣ ወደ ላይ አንጋጠጡ፣ ድምፃቸውም ተንቀጠቀጠ።

«ያ ረቢ፣ ዝናብ አዝንብልን!»

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሐጂ አብዱልሐሊም ዝናብ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም። ውሃው በደጁ ሲያልፍ ለኖረ ሰው ሰማይ ምን ሊሠራለት? ዘሀራ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ከዳሱ ሰው ሁሉ በላይ ጮኼ «አሚን!» አልኩ፤ ከልቤ ነበር።