የግራው ክራር

"ይኸው! የለም አልኩህ እኮ!" ኣፅብሃ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ባለፈው ስትጠግናት ዕቃ ቀይረህብኛል አብዱ። ደህናውን አውጥተህ የማይረባ ከተህበታል።"

አብዱልወዱድ የመበየጃ ካውያውን አስቀመጠ። ከወሎ መጥቶ ሓድነት ሰፈር ውስጥ በዚህች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የመጀመሪያ ደንበኛው ኣፅብሃ ነበር። ይህችን የማዳመጫ አምፕሊፋየርም በገዛ እጁ ሠርቶ የሰጠው እሱ ነው፣ ያውም በነፃ። ኣፅብሃ የሚኖርበት ግቢ አከራይ፣ እማማ ራሄል፣ የልጃቸውን መርዶ ከሰሙ ወዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ የሚከፍት የለም። የሐዘንተኛ ደጅ ላይ ማን ዘፈን ያስጮኻል? መስማት የፈለገ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማል።

"ወላሂ አንዲት ነገር አልቀየርኩም። አንተን ልሰርቅ?"

"ታዲያ ክራሩ የት ገባ?"

ለኣፅብሃ ይህ ቀልድ አይደለም። በጦርነቱ ቤቱ ሲዘረፍ ካሴቱም ሲዲውም ሄዷል። ከወንድሙ ከጎይቶም የቀረው፣ ከአንድ ዘመድ ፍላሽ ላይ የተገኘ ይህ አንድ የሙዚቃ ቅጂ ብቻ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በደጉ ጊዜ ሁለት ማይክ አቁመው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የቀዱት ነው፤ ጎይቶም በግራ ክራሩን፣ ኣፅብሃ በቀኝ መሰንቆውን። ጎይቶም ዘምቶ አልተመለሰም። ከሁለት ሳምንት በፊት ፍላሹ ሲደርሰው ኣፅብሃ እያለቀሰ ሰካው። የሰማው የራሱን መሰንቆ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማስረጃ ይዞ መጣ። ሓወልቲ ሰፈር ሱቅ ካለው ከኣለምሰገድ አዲስ የፋብሪካ አምፕሊፋየር፣ መታወቂያውን አስይዞ፣ እስከ ማታ ተውሷል።

"እናወዳድራቸው። ጉድህ ይውጣ!"

"እናወዳድር" አለ አብዱልወዱድ፣ ከፍቶታል። "ግን በእኩል ድምፅ። የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።"

በመለኪያው የሁለቱን ድምፅ አስተካከለና መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ አዲሱን ሰካለት። ኣፅብሃ ዓይኑን ጨፈነ። አዲሱ በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ቀስቱ ጭራውን ሲፈገፍገው ሳይቀር ይሰማል።

"ይኼ ይሻላል!"

"ክራሩስ?"

"ይሻላል እያልኩህ ነው።"

"ክራሩስ፣ ኣፅብሃ?"

ኣፅብሃ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አደረገ፤ ክራር የለም። ከዚያ ዘመዱን መራገም ጀመረ። "ፍላሽ ላይ ሲገለብጥ አጥፍቶት ነው! ዋይ! የወንድሜን እጅ አጠፋብኝ!"

አብዱልወዱድ ማዳመጫውን ከኣፅብሃ ራስ ላይ አንሥቶ አጠለቀው። ጥቂት ሰማ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጎይቶም አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ያረቢ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚመታው!" ማዳመጫውን መለሰለት። "ቀይ ምልክት ያለበት ግራው ነው። እስቲ ገልብጠህ አድርገው።"

ኣፅብሃ ገልብጦ አደረገው። ክራሩ በቀኝ ጆሮው ግጥም ብሎ ገባ። "ጎይቶም! ሓወይ! ወንድሜ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ያ ችኩል አመታት፣ ያ አንዱን ክር ሁልጊዜ ትንሽ አስቀድሞ የሚነካ ጣት! ሳቀ፣ አለቀሰ፤ አብዱልወዱድን በክንዱ ያዘው።

ከዚያ መሰንቆው እንደሌለ ልብ አለ።

መልሶ ገለበጠው። መሰንቆ። እንደገና ገለበጠው። ክራር። በአሮጌውም ሞከረ፣ ያው ነው። በጦርነቱ ቦምብ ሰፈራቸው ከወደቀበት ዕለት ጀምሮ ግራ ጆሮው ለወራት ያፏጭበት ነበር፤ ፉጨቱ ሲያቆም ዳንኩ ብሎ ነበር። አልዳነም ለካ፤ ግራው ጭራሽ አይሰማም። ሚስቱ ፍሬወይኒ በግራው ነው የምትተኛው። "ስጠራህ ትዘጋኛለህ፣ ጠልተኸኛል" ስትለው፣ "አፍሽ ውስጥ እያጉተመተምሽ!" እያለ ስንት ጊዜ አስለቅሷታል።

"ሐኪም ይየው" አለ አብዱልወዱድ። "አብሽር፣ መላ አይጠፋም።"

"አሁን? ያን ጊዜ ሐኪም ቤቱ መቼ መድኃኒት ነበረው? አሁን ደግሞ ዓመታት አልፎት ምን ይለኛል? 'የት ነበርክ?' ነው የሚለኝ።" ኣፅብሃ ተቀመጠ። "ይቅር በለኝ አብዱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ በከንቱ ሌባ አደረግኩህ።"

"ተወው። አዲሱን ትወስዳለህ?"

"ለምኔ? ጥራቱን በምን ልስማው? ያንተን ክፈትና ግራውንም ቀኙንም ወደ ቀኝ አምጣልኝ። ሁለታችንም በአንድ ጆሮ እንግባ።"

አብዱልወዱድ መፍቻውን አነሣ፤ ግን አልጀመረም። "ይቻላል። ግን አንዴ ከተደባለቀ ግራና ቀኝ የሚባል አይኖርም። ጎይቶም የት እንደተቀመጠ አይለይም።"

"የተቀመጠው በግራዬ ነው። አውቀዋለሁ።"

አብዱልወዱድ አሁንም ሲያመነታ፣ ኣፅብሃ መፍቻውን ከእጁ ተቀበለና የመጀመሪያውን ብሎን ራሱ ፈታው።