ጭራዋ የዞረበት

በጥር፣ ባለጭራዋ ኮከብ ማታ ማታ በምዕራብ ስትታይ፣ ጭራዋ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ነበር። ከወሎ መጥተው አሶሳ የሰፈሩት ሰዎች፣ የጭራዋ ጫፍ እግዜር ያዘዘውን መንገድ ያሳያል አሉ። በቃሉም ያንን አምኖ፣ ሚስቱን አገኘሁሽንና ሁለት ልጆቹን ለታላቅ ወንድሙ ለሙላው አደራ ብሎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አገሩ ወሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

በመጋቢት ኮከቧ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ በኩል ወጣች፤ ጭራዋ ግን ወደ ምዕራብ ዞሯል። አንድ ጠዋት የበርታው ጎረቤታቸው ጁምዓ ማሳው ድረስ መጥቶ፣ አገኘሁሽ በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ በኩል ወደ ምዕራብ፣ ሱዳን እንዲያሻግራት እንደለመነችው ለሙላው ነገረው።

«እሷ ኮከብ አዟል ይላል» አለ ጁምዓ በተሰባበረ አማርኛው። «ልጆች ትንሽ ነው። መንገድ ውኃ የለም። ወላሂ፣ እኔ አይወስድም። ብቻውን ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።»

ሙላው ዶማውን ጥሎ ወደ መንደር ገሰገሰ። በገበሬ ማኅበሩ ደጃፍ የሚከፈተውን ሬዲዮ ሳያሰልስ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ኮከቧ የበረዶና የአቧራ ክምር እንደሆነች፣ በሰባ ስድስት ዓመት አንዴ እንደምትመለስ፣ ሰው የሠራው መንኮራኩርም በዚያው ሰሞን አጠገቧ ደርሶ ፎቶግራፍ እንዳነሳት ሰምቷል። አገኘሁሽን ስንቅ ስትቋጥር ደረሰባት። ጭራውን ሁልጊዜ ከራሷ እያራቀች የምትገፋው ፀሐይ ናት፣ የችቦ ጭስ ነፋስ ወደወሰደው እንጂ ባለችቦው ወደሚሄድበት አይጠቁምም እያለ አስረዳት።

«ጋሼ፣ እዚህ ትጠግባላችሁ ያለንስ ይኸው ሬዲዮ አይደል?» አለችው።

ሙላው አማተበ።

«እንግዲያው እኔንም ሬዲዮውንም አትመኚን። በሆሳዕና ሰሞን ኮከቧ ተመልሳ ማታ ማታ ትታያለች። ጭራዋ ያን ጊዜም ወደ ምዕራብ ከሆነ፣ ልጆቹን አዝዬ እኔው ራሴ አሻግርሻለሁ።»

ቋጠሮዋን ሳትፈታ ጠበቀች። ሙላው ፈጣሪ የሠራውን ሥርዓት አያፋልስም ብሎ ያምናል፤ ቢሆንም ሆዱ አልቆረጠለትም፤ በየጸሎቱ መጨረሻ ያንን ጭራ ያነሳ ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ኮከቧ ደብዝዛ በደቡብ በኩል ታየች። ጭራዋ ወደ ምሥራቅ ዞሯል። አገኘሁሽ አንጋጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቋጠሮዋን ፈታችና የማሽላውን ቆሎ ለልጆቹ አደለች። ሙላው ተመስገን ሊል አፉን ሲከፍት፣

«ታዲያ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «በቃሉን የመራው ማን ነው?»

ሙላው ትንሹን ልጅ አንስቶ አቀፈና፣ ወንድሙ ወደሄደበት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ።