ሮበሌን ማዘግየት

ሮበሌ ከጎፋ አናት ጋሪውን ቁልቁል ሲለቀው፣ ጥላው መከተል ያቅተውና በሚኒባስ ይደርስበታል ይባላል። አንዴማ ላይ ሆኖ አስነጥሶ፣ «ይማርህ» የደረሰው ታች ድልድዩ ጋ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ ነው። ማን አየ? እንጃ፤ ሰፈሩ ግን ይምላል።

ይህን ወሬ መስማት የማይወድ አንድ ሰው አለ፤ ሞልቱ።

ሁለቱም አንድ ጋራዥ ጎማ የሚፈቱ ጎረምሶች ናቸው። ጋሪያቸውም ያው ነው፤ ጣውላ ሆኖ ከወዳደቀ መኪና በወጣ ኩሽኔታ የሚሽከረከር። ታዲያ የሮበሌ ለምን ይፈጥናል? ሞልቱ ከስምንተኛ ክፍል በመስኮት ወጥቶ ቢቀርም፣ መምህሩ መዳፋቸውን እያፋተጉ «ይሄ ሰበቃ ነው፤ የሚሄደውን ሁሉ ይዞ የሚያስቀር» ያሉትን አልረሳም። አድብቶ አየ። ሮበሌ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣል ያደርግበታል። በጣቱ ሲመታው እንደ ንብ እያዜመ መቆሚያ የለውም።

ይሄስ ባልከፋ። ዘይቱ ግን የስፌት ማሽን ዘይት ነው። የስፌት ማሽን ያላት ደግሞ ናዝሬት ናት፤ ሞልቱ ደህናውን ሱሪ እየቀደደ የሚመላለስባት ልብስ ሰፊዋ ናዝሬት።

«ዘይቱን እሷ ሰጠችህ?»

«አዎ።»

«በእጇ?»

«በእግሯ ትስጠኝ እንዴ?»

ሞልቱ ያን ቀን ሌላ ደህና ሱሪ ቀደደ።

ናዝሬት ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ፣ የጨርቅ ጥቅሏን ይዛ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ቤቷ በእግሯ ትወርዳለች። ሁለቱም «ነይ ላድርስሽ» ብለው ለምነዋታል። «እናንተ ጋሪ ላይ ከምወጣ ገደል ብገባ ይሻለኛል» ነው መልሷ። እንግዲህ ካልወጣችም ትየው እንጂ! ድልድዩ ጋ ቀድሞ የደረሰውን አይታ አፏን ትያዝ! ሞልቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ሊሽቀዳደሙ ተቀጣጠሩ። ሮበሌ ዞር ሲልለት፣ ሞልቱ ለጭነት መኪና የሚቀባውን ወፍራም ግራሶ ከአሸዋ ጋር እንደ ገንፎ ለውሶ የሮበሌ ኩሽኔታዎች ውስጥ ጠቀጠቀው። በጣቱ መታ ቢያደርገው፣ ኩሽኔታው እንደ ሽማግሌ አቃስቶ ቆመ።

«ሰበቃ፣ በርታልኝ!» አለው።

ተለቀቁ። ሞልቱ ተተኮሰ። ነፋሱ ጉንጩን ጆሮው ድረስ ወስዶ አጣጠፈለት፤ አንዱን ላዳ ታክሲ ቀድሞት ሲያልፍ ሹፌሩ አማተበ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጫማውን አስፋልቱ ላይ ጫነው፤ ሶሉ እየጨሰ ቆመ። ዞሮ ቢያይ ማንም የለም።

«አሸነፍኩ!» አለ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ቆየ። ፀጉሩን አበጠረ። አሁንም ቆየ። ኋላ ከላይ አንድ ነገር እንደ ቀብር አጀብ እየተጎተተ መጣ። የሮበሌ ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ ሮበሌ አለ። ከሮበሌ ኋላ፣ ጥቅሏን ታቅፋ፣ ናዝሬት።

ሞልቱ ዓይኑን አሸ። ቆሎ እየዘገነች በትከሻው በኩል ታጎርሰዋለች! ደግሞ ቁልቁለቱ አያልቅ! እሱ ሽው ብሎ የጨረሰውን መንገድ እነሱ እየተሳሳቁ፣ እየተጨዋወቱ፣ ሰው ሰላም እያሉ ይወርዱታል። ሞልቱ እያንዳንዷን ጉርሻ ቆጠራት።

ፍሬን እንኳ ሳያስፈልገው ጋሪው ራሱ አቃስቶ ድልድዩ ጋ ቆመ።

«ሞልቱዬ፣ አንተም ነበርክ እንዴ?» አለች ናዝሬት። «የሆነ ነገር ሽው ሲል ሰምቻለሁ፤ አንተን ግን አላየሁም።»

«እሱ ጋሪ ላይ አልወጣም ስትዪ አልነበር?»

«በእግሬ እየሄድኩ ቀደምኩት እኮ! ቢገፉትም ከዚህ አይፈጥንም ብሎ በማርያም ማለልኝ፤ ወጣሁ።»

«ማን እንደነካው እንጃ» አለ ሮበሌ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ፈክቷል።

ሞልቱ ደሙ ፈላ። ፍጥነቱን ሳታይለት፣ የገዛ ተንኮሉን ደግሞ ሌላ ሰው ሊበላበት!

«እኔ ነኝ!» ብሎ እስከ ክርኑ ግራሶ የተለቀለቀ እጁን ዘረጋ። «አሸዋ ለውሼ የጠቀጠቅኩበት እኔ ነኝ!»

የሮበሌ ፊት ተለዋወጠ። ናዝሬት ግን እጁን አየች፤ ከእጁ ወደ ፊቱ ቀና አለች። ሞልቱን በደንብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አንተ ነህ?» አለች፣ ጥቅሏን ለሮበሌ እያሸከመች። «እሰይ፤ እንግዲያው የሚመጣው ቅዳሜም ለውስለት።»