ሾልኮ የሚገባው ሌንስ

አጎቴ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ እኔ የፎቶ ቤታቸው ጠጋኝ፣ ጠራጊና ወሬ አሟቂ ነኝ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ብሎን በመፍታት ነው።

ካሜራቸው በዕድሜ ይበልጠኛል። ሌንሱ ሲሠሩበት ተጎትቶ የሚወጣ፣ ሲጨርሱ ወደ ካሜራው ሆድ ተገፍቶ የሚገባ ነው። አውጥተው ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይቆለፋል። ካልተቆለፈ ፎቶ የለም፣ ጉም ብቻ ነው። ክፋቱ፣ የሚያዩት በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከጎኑ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። እሷ ደግሞ ሌንሱ ቢወጣም ቢገባም ደንታ የላትም፤ ሁሉን አጥርታ ታሳያለች።

ለደንበኛ ሁሉ፣ «ይሄ ሌንስ ውሸታም ፊቱ ከቆመ አፍሮ ወደ ውስጥ ይገባል» እላለሁ። «አንድ ጊዜ አንድ ደላላ ሲነሳ ካሜራው እንዳለ ወደ ማህደሩ ገባ።» ሰው ይስቃል፣ ሲስቅም ፎቶው ያምራል።

ባለፈው ወር ሌንሱ ውስጡ ጭጋግ ለበሰ። ፈታሁት፤ መስታወቶቹን በአልኮልና በጥጥ ቀስ አድርጌ ጠረግሁ፤ ፏ አሉ። እዚያ ላይ ባቆም ጀግና ነበርኩ። ነገር ግን ሌንሱን የያዘው ቱቦ ሲወጣና ሲገባ ደረቅ ድምፅ ሰማሁና ግራሶ ቀባሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሁለተኛ ደረብኩለት።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ያነሱት ሦስት ጥቅል ፊልም ጉም ሆኖ ወጣ። በአራተኛው ሳምንት እኔንና ሚስታቸውን ጠርተው፣ «ዓይኔ ሄዷል፤ ርቀት መለካት አቅቶታል። ቅዳሜ ካሜራውን ማዶ ላለው ፎቶ ቤት አስረክባለሁ፤ ቤቱም ይዘጋል» አሉ። አርባ ዓመት የሠሩበትን ቤት የሱቅ መዝጊያ የሚያወርዱ ያህል በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ሐሙስ ካሜራውን ስወለውል የብርሃን መጠን የሚወስነውን ቀለበት አዞርኩ። ቱቦው አብሮ ዞረ፣ ከቁልፉ ወጣ፣ ከዚያም ያለ ድምፅ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሸሸ። ካሜራውን ይዤ ወደ አጎቴ በረርኩ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደህና ነው! ሌንሱ ነው ሾልኮ የሚገባው፤ ግራሶ ቀብቼው ነው!»

«አፍሮ ነው የሚገባው?» አሉ ፈገግ ብለው።

«እኔ ልሙት! ዛሬ እውነቴን ነው!»

«አንተ ቀጣፊ፣ ለእኔ ብለህ መዋሸትህ ደስ ይለኛል። ግን ተወው።»

በዕድሜዬ የተመሰገነ ውሸቴ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት አልነበረም።

ወደ ሚስታቸው ሮጥኩ። እትዬ ለደንበኛ እንኳ «ፎቶው ምንም አልሆነ፣ ፊትህ ነው» የሚሉ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ቀለበቱን ራሳቸው አዞሩና ባላቸውን ወንበር ላይ ሳሉ ያዟቸው።

«ተነስና አንሳኝ። አንዱን ቱቦውን ይዘህ፣ አንዱን እንደ ልማድህ።»

«ይሄ ልጅ አንቺንም አታለለሽ?»

«እኔን? እሱ? ይልቅ ተነሳ!»

ተንኮል እንዳልሠራ እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ። ፊልሙንም አጎቴ ብቻቸውን አጠቡት። በር ላይ ቆሜ ጥፍሬን ጨረስኩ።

ሲወጡ እርጥቡን ፊልም ወደ መስኮቱ ይዘው ነበር። በአንደኛው የእትዬ ቅንድብ ፀጉሩ ይቆጠራል። በሁለተኛው እትዬ የሉም፣ ደመና ተቀምጧል።

«ሀያ ስድስት ቀን» አሉ አጎቴ። «ሀያ ስድስት ቀን ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነበር።»

ጥፊ ጠብቄ ጉንጬን አዘጋጀሁ። ጥጥና አልኮል አቀበሉኝ። «ጥረገው። እዚሁ፣ ፊቴ።»

ግራሶውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አወጣሁ፤ ቱቦው እንደ ድሮው ደረቅና ጠበቅ ያለ ሆነ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው እኔን አስከትለው ፎቷቸው የተበላሸባቸውን ሰዎች እንደገና ሊያነሱ ወጡ። በየበሩ እያንኳኳሁ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የምናገረው እኔ ነኝ።

ሦስተኛዋ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ሂድ ወዲያ! ደግሞ ምን ልትቀጥፍ መጣህ?» አሉኝ።

አጎቴ ከኋላዬ ብቅ አሉ። «ዛሬስ እውነቱን ነው» አሉ። «ይልቅ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ።»